አሥራ ስምንት ሜትር ከአርባ አንድ

የአዛውንቱ ውሃ ለኪ አስከሬን የተገኘው፣ እሳቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ጎንበስ ብለው በሚመለከቱት የመለኪያ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ጉድጓዱ ከግድቡ ግንብ ጥግ ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ የሲሚንቶ ቱቦ ነው፤ በሥሩ ከሐይቁ ጋር ስለሚገናኝ፣ ነፋስና ማዕበል ሳይረብሸው የሐይቁን ከፍታ በትክክል ያሳያል። በውስጡ ሜትርና ሴንቲሜትር የተቀባበት ዘንግ ቆሟል። ሟቹ ዘንጉን በአንድ ክንዳቸው እንዳቀፉ፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው ደፍተው ነበር።

መርማሪው በሥፍራው የደረሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አጭርና ቀጭን ሰው ነበር፤ ባልደረቦቹ «አቶ ለምን» የሚል ስም አውጥተውለታል። አስከሬኑን ያገኘው የውሃ መልቀቂያው በር ሠራተኛ፣ በሁሉም ዘንድ «ብሎን» የሚባለው ጎልማሳ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሯል።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ገባሁ፣ ጌታዬ። ጋሼን ከክፍላቸው አጣኋቸው። ምርኩዛቸው እዚህ ወድቋል። ክዳኑን ባነሳው…»

«ክዳኑን ባነሳው? ተዘግቶ ነበር?»

«ግጥም ብሎ።»

መርማሪው የብረቱን ክዳን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። በላዩ ላይ በቀይ ቀለም «ክፍት የተወ ከሥራ ይታገዳል። ዋና መሐንዲስ» የሚል ተጽፎበታል።

«እንግዲህ ተንሸራትተው የወደቁት ሰው ክዳኑን ከበላያቸው ዘግተዋል ማለት ነው» አለ። «ጨዋ ሰው እንደነበሩ ሰምቻለሁ። እስከዚህ ድረስ ግን አይመስለኝም።»

ሐኪሙ ማጅራታቸው ላይ የምት ምልክት አገኘ። የሞቱበትን ሰዓት ግን ሊቆርጥ አልቻለም፤ ውሃው እጅግ ቀዝቃዛ ነበርና። የሰዓቱን ነገር የቆረጠው ሌላ ማስረጃ ነበር። ውሃ ለኪው በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፍታውን አንብበው፣ በከተማው ላለው መቆጣጠሪያ ክፍል በስልካቸው አጭር መልእክት ይልካሉ። የዛሬውም መልእክት በሰዓቱ ደርሷል፦ አሥራ ስምንት ሜትር ከአርባ አንድ። ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ፤ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ እስከ ግድቡ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው፤ በዚያ ማለዳ ለግድቡ ቅርብ የነበረው ደግሞ ብሎን ብቻ ነው። የአካባቢው ፖሊሶች ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ብሎንን ዐይን ዐይኑን ያዩት ጀመር። የሟቹ ስልክ ከውሃው ወድቆ ይሆናል ተባለ።

መርማሪው ግን በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ አስግጎ ዘንጉን ተመለከተ። ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያም ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ።

«አሥራ ስምንት ሜትር ከአርባ አምስት» አለ። «ብሎን፣ ይህ ሐይቅ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ከጠዋት እስከ ረፋድ አራት ሴንቲሜትር የሚጨምርበት ምክንያት አለው?»

ብሎን ፊቱን ወደ መልቀቂያው በር አዞረ።

«ተናገር እንጂ። ዝምታህ ከነገርህ የባሰ ነው።»

«አልጨመረም ጌታዬ። አልቀነሰም ነው። የውሃ መልቀቂያው በር ትናንት ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መከፈት ነበረበት፤ ግንድ ገብቶበት አልከፈት አለኝ። እኔ ግን ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ‹ተከፍቷል› ብዬ ላክሁ። ባለፈው ወር የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ አምስት ልጅ አለኝ። ሌሊቱን ውሃ የምንልክላቸው ከተሞች ከየታንከራቸው ይጠጣሉ፣ ጠዋት ግንዱን አወጣለሁ ብዬ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ጋሼ ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም ‹አይዞህ፣ ነገ አብረን እናወጣዋለን› አሉኝ።»

መርማሪው በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሟቹ ክፍልም ገባ።

ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መስኮት ነበረው። ከአልጋው ሥር በየሜትሩ የተቋጠረ፣ ጫፉ ላይ ከባድ ብረት የታሰረበት ረጅም ገመድ ተጠቅልሏል፤ ብረቱን የሸፈነው ጭቃ ገና አልደረቀም። በጠረጴዛው ላይ የነበረው ደብተር የሐይቁን ካርታ ይዟል፤ በካርታው ሃያ ነጥቦች፣ በእያንዳንዱም ነጥብ አጠገብ ጥልቀት የሚያሳይ ቁጥር ሰፍሯል።

የሟቹ ባለቤት የመጡት እሱ ደብተሩን ሲያገላብጥ ነበር። ነጠላቸውን አጥብቀው ተከናንበው ከበሩ ላይ ቆሙ። አላለቀሱም፤ እንባቸው መንገድ ላይ ያለቀ ይመስል ነበር።

«ይግቡ እናቴ። ይቀመጡ።»

«ቆሜ እነግርሃለሁ ልጄ። ከተቀመጥሁ አልነሣም።»

«ይህ ገመድ ምንድን ነው?»

«የሐይቁን ወለል ሲለካበት የከረመ ነው። ሦስት ወር፣ ብቻውን፣ በዚያች በተሰባበረች ጀልባ። ደለል ሞልቶታል ይለኝ ነበር። ከላይ ስታየው ሐይቅ ነው፤ ከሥሩ ግን አፈር ነው። እኔ ታችኛው ከተማ ነው የምኖረው፣ ከልጄና ከልጅ ልጆቼ ጋር። ‹ይህ ቁጥር መቆጣጠሪያ ክፍሉ ካልገባ ሳታስቡት ትደርቃላችሁ› ይለኝ ነበር። ከሌላው ሁሉ ይህ ነበር የሚያብከነክነው።»

«ባለቤትዎ ለምን ወዲያው ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሥራ አስኪያጅ አልተናገሩም?»

«‹መጀመሪያ ለሚመለከተው ሰው እነግረዋለሁ፤ በሰው ፊት ላሳፍረው አልሻም› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ የሰው ነውር ከአፉ አይወጣም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወልሁለት። ጠራ፤ አላነሣም። ደግሜ ደጋግሜ ደወልሁ። ዛሬም ጠዋት፣ መርዶው ሳይደርሰኝ። ይጠራል፤ አያነሣም። በአርባ ዓመት ትዳራችን ስልኬን ሳያነሣ የቀረ ቀን አላውቅም።»

መርማሪው ከደብተሩ ቀና አለ። «ዛሬ ጠዋትም ይጠራ ነበር?»

«ይጠራ ነበር።»

«ከውሃ ውስጥ ያለ ስልክ አይጠራም፣ እናቴ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ገዳዩን ማግኘት ሥራህ ነው። ይህ ደብተር ግን አብሮት እንዳይቀበር። ቁጥሩ ይግባ።»

የሦስቱን ከተሞች ውሃ የሚያከፋፍለው፣ ሠራተኞቹ «አማካሪው» የሚሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። በየማለዳው የሐይቁን ከፍታ ይነግሩታል፤ እሱ ወለሉን ከሚያሳየው ሠንጠረዥ ጋር አገናዝቦ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ያሰላል፤ ለየትኛው ከተማ ስንት ሰዓት በር ይከፈት፣ ውሃውስ ስንት ቀን ይበቃል የሚለውን ይመክራል፤ የነገውንም ከፍታ አስቀድሞ ይተነብያል። ውሳኔው በደንቡ የሰው ነው። ነገር ግን ምክሩን የጣሰ ሰው ምክንያቱን ጽፎ መፈረም ስላለበት፣ በአራት ዓመት ውስጥ የጣሰው አልተገኘም።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ አንድ ግድግዳው በሙሉ ስክሪን ነው። ሦስቱ ከተሞች፣ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው፣ በሦስት አረንጓዴ ክቦች ያበራሉ፤ ከላያቸው በትልቁ «ዘጠና ቀን» ይላል። ዝናብ ሊገባ ሰማንያ ቀን ይቀረዋል። ሥራ አስኪያጁ፣ ለግላጋና ንግግር የሚያበዛ ሰው፣ መርማሪውን ሲቀበል ወደዚያ ቁጥር ጠቆመ።

«እንደሚያዩት ሁሉ በቁጥጥር ሥር ነው። የሆነው ነገር አሳዛኝ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሦስታችንም፣ እኔ፣ ዋና መሐንዲሳችንና የፕሮግራሙ ባለሙያ፣ ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ እዚሁ ነበርን። መልእክቱ ሲገባ ዐይናችን እያየ ነው።»

«ሦስታችሁም? ለአፍታ የወጣ የለም?»

«ዋና መሐንዲሳችን ሲጋራ ሊያጨሱ ወደ ኮሪደር ብቅ ብለዋል። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በአምስት ደቂቃ ግድቡ ደርሰው ከተመለሱ ዕድሜ ልኬን ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላስ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ላይኛው ከተማ። ፓምፑ ለጥገና እንዲቆም ራሴ አዝዤ፣ አሥር ሰዓት ላይ ከዚያው ለእሷ ደወልሁ።»

እሷ ያላት የፕሮግራሙን ባለሙያ ነበር፤ ዐይኖቿ በእንቅልፍ እጦት የቀሉ፣ ወንበሯን ከስክሪኑ የማታርቅ ሴት።

«ደወሉልሽ። ከዚያስ?»

«ላይኛው ከተማ ውሃ ስለማይወስድ ትንበያውን አስተካከልሁ። የዛሬው ከፍታ አሥራ ስምንት ከአርባ አንድ ይሆናል ይል የነበረው ከአርባ ሦስት ሆነ። አማካሪው አዲሱን ሲይዝ የድሮውን ይደመስሳል።»

«ዛሬ የመጣው መልእክት ግን አርባ አንድ ይላል።»

«ያው ሁለት ሴንቲሜትር ነው ብዬ አለፍሁት። ሰው ነው የሚያነበው።»

«አርባ አንድ የሚለው ትንበያ ከተደመሰሰ፣ የትም አይገኝም ማለት ነው?»

«የትም። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ካተምኋት አንዲት ወረቀት በቀር። ዋና መሐንዲሱ ስክሪን አያዩም፤ በየቀኑ ለእሳቸው አንድ ቅጂ አትማለሁ። ለሌላ ማንም አላትምም።»

መርማሪው ሰዓቱን በማስታወሻው ጻፈ። «የሐይቁን ወለል የሚያሳየው ሠንጠረዥስ መቼ ተለወጠ?»

«ከአምስት ዓመት በፊት ተለክቶ ጸድቋል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርዎት? ከድሮው ጋር አስተያይቼው አውቃለሁ። ግድቡ ሲሠራ ከነበረው ጋር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ነው። እኔ ታናሽ ነኝ፤ የዋና መሐንዲሱን ፊርማ ማን ነኝ ብዬ ልጠይቅ?»

ዋና መሐንዲሱ ቢሯቸው ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ የተወለወለ ጫማ። ግድቡን በወጣትነታቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«ስክሪን አይወዱም ይባላል።»

«ብርሃን ላይ አይፈረምም። የምፈርመው ወረቀት ላይ ነው።»

«ትናንት ከቢሮ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ዘጠኝ። ወደ ቤቴ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ምስክር የለኝም፤ ምስክር ፈልጌም አላውቅም።»

«ወለሉ ሲለካ ጀልባው ላይ ነበሩ?»

ሽማግሌው ብዕራቸውን ከጠረጴዛው ጫፍ ጋር አስተካከሉ። «መሐንዲስ በፊርማው ይታመናል» አሉ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መርማሪው ሁሉንም በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰበሰባቸው። ሥራ አስኪያጁ ከስክሪኑ ሥር፣ ባለሙያዋ ከወንበሯ ላይ፣ ብሎን ከበሩ አጠገብ በፖሊስ ታጅቦ፣ ዋና መሐንዲሱ በራስጌው ወንበር። የሟቹ ባለቤት ከመስኮቱ ሥር ቆሙ፤ አሁንም አልተቀመጡም።

«ይህን ጉዳይ ያጣመመብን አንድ ቁጥር ነው» ሲል መርማሪው ጀመረ። «አሥራ ስምንት ሜትር ከአርባ አንድ። ሁላችሁም ቁጥሩን አምናችሁ ሟቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ አላችሁ። ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። በሩ ከትናንት ስድስት ሰዓት ጀምሮ ስላልተከፈተ ውሃው ከአርባ አምስት አልወረደም።»

«አልተከፈተም?» ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አማካሪው ተከፍቷል ይላል እኮ!»

«አማካሪው የነገሩትን ያምናል። ይቀመጡ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያነበቡ ሰው አራት ሴንቲሜትር አይሳሳቱም። ስለዚህ መልእክቱን የላከው ውሃውን ያላየ ሰው ነው። ሟቹ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የባለቤታቸውን ስልክ አላነሡም፤ ያን ጊዜ ሞተዋል። ስልኩ ግን ዛሬ ጠዋትም ይጠራ ነበር፤ ከውሃ ውስጥ አልነበረም። ከገዳዩ ኪስ ነበር። ስልኩ በኪሱ ያለ ሰው ደግሞ መልእክቱን ለመላክ ግድቡ ላይ መቆም አያስፈልገውም፤ ኮሪደር ይበቃዋል።»

መርማሪው ከበሩ አጠገብ ወደ ቆመው ሠራተኛ ጠቆመ።

«ብሎን ነው እንዳይባል፣ እሱ ትንበያውን አያይም፤ ውሸቱን ሊሸፍን ውሃው ወርዷል ቢል እንኳ አርባ አንድ የሚለውን ቁጥር ከየት ያመጣዋል? ሥራ አስኪያጁና ባለሙያዋ ትንበያው ወደ አርባ ሦስት መለወጡን ያውቃሉ፤ ሊያስመስሉ ቢፈልጉ አርባ ሦስት ይልኩ ነበር። አርባ አንድን የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ቁጥሩን በወረቀት የያዘ፣ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ስክሪኑን ያላየ። ያው ሰው ጉድጓዱን ሳያስበው ዘጋው፤ ክዳኑ ክፍት ሲሆን ማየት የማይችል፣ ደንቡንም በላዩ ላይ በቀይ ያስጻፈ ሰው ነውና።»

የሁሉም ዐይን ወደ ራስጌው ዞረ።

«ምክንያቱ ይህ ነው» አለ መርማሪው፤ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አኖረ። «በአማካሪው ሠንጠረዥ መሠረት፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ወንዝ የገባበት ሐይቅ አንዲት ቅንጣት አፈር አልወረደበትም። ከአምስት ዓመት በፊት ወለሉ አልተለካም። የድሮው ሠንጠረዥ ተገልብጦ ተፈረመበት።»

ዋና መሐንዲሱ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። ፖሊሱ ተንቀሳቀሰ፤ መርማሪው በዐይኑ አስቆመው። ሽማግሌው አንድ ያረጀ ስልክ አውጥተው ከደብተሩ ጎን አስቀመጡ።

«በዚያ ዓመት ጀልባው ተሰብሮ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው አልተናወጠም። «የእኔ ግድብ ነው፤ አውቀዋለሁ አልሁ። ትናንት ጠራኝ። ጉድጓዱን ከፍቶ እያሳየኝ ‹ጋሼ፣ አብረን እንነግራቸዋለን፤ ስሕተቱ የሁለታችንም ነው› አለኝ። የእሱ አልነበረም። ያን ምሕረቱን ነው መሸከም ያቃተኝ። ጎንበስ ሲል መታሁት።»

«ስልኩን ለምን አልጣሉትም?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ከሁሉም ያነሰውን ጥያቄ።

«ትደውል ነበር።» ወደ መስኮቱ ማየት አልቻሉም። «እየጠራ መጣል አልሆነልኝም።»

ሽማግሌው በፖሊስ ታጅበው ሲወጡ የሟቹ ባለቤት ፊታቸውን አላዞሩም። በሩ ሲዘጋ ብቻ «አሁን ቁጥሩ ይግባ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲህ ያለ ነገር በኮሚቴ ታይቶ…»

«አስገቢው» አለ መርማሪው ለባለሙያዋ።

ሃያዎቹን ነጥቦች አንድ በአንድ አስገባች። የመጨረሻውን ስትጨርስ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረ፤ ከዚያም «ዘጠና ቀን» ይል የነበረው «ሃያ ስድስት ቀን» አለ። ብሎን ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አማካሪው ግን ገና አልጨረሰም፤ ስሌቱን ቀጥሎ ምክሩን አቀረበ። የታችኛው ከተማ ክብ ቀልቶ ጠፋ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

ባለሙያዋ ከስክሪኑ ሳትዞር መለሰች። «መስመሩ ረጅም ስለሆነ በመንገድ ብዙ ውሃ የሚፈሰው ወደ እናንተ ሲሄድ ነው፣ እማማ። የእናንተ መስመር ቢዘጋ ለሁለቱ ከተሞች ሃምሳ አንድ ቀን ይበቃል ነው የሚለው።»

«ዝናቡስ?»

«ሰማንያ ቀን ይቀረዋል።»

«እንግዲህ ለእነሱም አይበቃም።»

«አይበቃም።» ወንበሯን ከስክሪኑ አራቀች። «ዝናቡ ያቆመ ዕለት ብናውቀው ኖሮ ለሁሉም ይበቃ ነበር። ቆጥበን…»

ሥራ አስኪያጁ ብዕር አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። ምክሩን ቢጥስ ምክንያት ጽፎ መፈረም አለበት፤ ምን ብሎ ይጽፋል? ስክሪኑን አየ፤ መርማሪውን አየ። መርማሪው ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ በእጁ የቀረ ምንም ነገር አልነበረም።

«መቼ ነው የሚዘጋው?» አሉ የሟቹ ባለቤት።

«ምክሩ… ከነገ ወዲያ ይላል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ተራመዱ። ከደፉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ለጎረቤቶቼ እኔ ልንገራቸው» ሲሉ ጠየቁ፣ «ወይስ እናንተ ትመጣላችሁ?»

ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያም ብቻቸውን ወጡ።